ዓመት ከዓመት አንድ ካምፕ

እዚህ ሜሪላንድ ትምህርት ሲዘጋ ልጆች የሚውሉበት የሰመር ካምፕ ምዝገባ የሚከፈተው በረዶው ገና ከደጅ ሳይጠፋ ነው። ጃንዋሪ፣ ፌብሯሪ ላይ። አዲስ የመጣ ወላጅ ይህን አያውቅም። «ትምህርት የሚዘጋው ጁን ላይ፤ ምን አስቸኮለኝ?» ይላል። ሜይ ላይ ሲጠይቅ ጥሩ የሚባሉት፣ በተለይ ዋጋቸው የሚቻለው፣ ሞልተው ዌይቲንግ ሊስት፣ ማለትም የተጠባባቂ ዝርዝር፣ ላይ ናቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ቡና ስንጠጣ በየዓመቱ ይኼው ጥያቄ ይመጣል። «እናንተ ልጆቹን ሰመር የት ነው የምታውሏቸው?» ቆሜ የምመልሰው ነገር ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ስለ እኛ ትንሽ ልበል። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው። እኔ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ፤ ፈረቃዬ ይቀያየራል። ባለቤቴ ሹፌር ነው። አያት አጠገባችን የለም፣ አክስት የለም። «እስኪ ልጆቹን አየት አድርጊልኝ» የሚባል የግቢ ጎረቤትም የለም። ትምህርት ቤት ከጁን አጋማሽ እስከ ኦገስት መጨረሻ ይዘጋል። ወደ አሥር ሳምንት ነው። ትልቁ ልጄ ካምፕ የጀመረው በስድስት ዓመቱ ነው፤ አሁን 16 ሆኖት እዚያው ይሠራል። ትንሿ 10 ዓመቷ ነው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «የትኛው ካምፕ ነው ጥሩው?» ብሎ ነው። ልጃችሁ በሚቀጥለው ዓመትም፣ ከዚያም ወዲያ የሚመለስበት ካምፕ ነው ጥሩው። አንዲት ጓደኛዬ አንድ ሰመር ልጇን በየሳምንቱ የተለያየ ካምፕ አስገባችው። ሮቦት፣ ቴኒስ፣ ምግብ ሥራ፣ ቼዝ። ወረቀት ላይ ሲያዩት በጣም ያምራል። ልጁ ግን ሰኞ በመጣ ቁጥር አዲስ ቦታ፣ አዲስ ፊት ነው። ረቡዕ ላይ ጓደኛ ይይዛል፤ ዓርብ ይለያያሉ። ኦገስት ላይ «ቤት ልዋል» ብሎ አለቀሰ። በየሳምንቱ አዲስ ገቢ መሆን የሚያስደስተው ልጅ ብዙ የለም።

የኛዎቹ የሚሄዱበት ካምፕ ምንም የሚያስጎመዥ ነገር የለውም። ዛፍ ያለበት ሜዳ፣ አንድ ፑል፣ ዝናብ ሲመጣ የሚገቡበት ትልቅ ጣሪያ፣ ብዙ ጭቃ። ግን ያውቁታል። ግሩፖቹ በእንስሳት ስም ነው የሚጠሩት። ትንንሾቹ ጥንቸሎች ናቸው፣ ከዚያ ቀበሮዎች፣ ትልልቆቹ ንስሮች። ጥንቸል የሆነ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ቀበሮ ስለመሆን ያወራል። ቀበሮዎች ቀስት ይወረውራሉ። ንስሮች ታንኳ ይቀዝፋሉ፤ አንድ ሐሙስ ደግሞ እዚያው በድንኳን ያድራሉ። ይቺ የአንድ ሌሊት ጉዳይ ቤታችን ውስጥ ከገና በላይ ተወርቶላታል። ትንሿ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ወንድሟን «ንስሮች ማታ ምን ይበላሉ?» እያለች መውጫ መግቢያ አሳጥታዋለች። ካምፑ ሊከፈት ሲል እሑድ ማታ የካምፑን ቲሸርት ለብሳ ነው የምትተኛው። ጠዋት አልጋዋ ባዶ ነው። ስፈልጋት ቦርሳዋን አዝላ በር ላይ ቆማለች፤ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ትምህርት ቤት ሲሆን ለመቀስቀስ ስንት መከራ የምናይባት ልጅ!

እሺ፣ ወደ ገንዘቡ። ካምፕ ብዙ ዓይነት ነው። ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ራሱ የሚያዘጋጃቸው አሉ፣ ዋይ የሚባለው (ዋይኤምሲኤ) አለ፣ የግል አለ፣ የቤተ እምነት አለ። ዋጋው በሳምንት ከመቶ ምናምን ዶላር እስከ ስድስት መቶና ከዚያ በላይ ይሄዳል። የኛው ሞንጎመሪ ካውንቲ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ነዋሪዎች የክፍያ እገዛ አለው። ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ያላችሁ ሬክ-ፓክ የሚባለውን እዩ። በኤለመንተሪ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የሚሰጥ ነው፣ ክፍያው በገቢያችሁ መጠን ይወሰናል። ዲሲ ውስጥ የከተማው የፓርክና መዝናኛ መሥሪያ ቤት ካምፖች ዋጋቸው ቀላል ነው፤ ግን ፈላጊያቸው ብዙ ነው።

እነዚህን የመንግሥት ካምፖች የምትፈልጉ ከሆነ አካውንቱን ቀደም ብላችሁ ክፈቱ። የነዋሪነት ማስረጃ ይጠይቃል፣ የልጁ የልደት ቀን ይሞላል፣ ካርድ ይገባል። እገዛ የምትጠይቁ ከሆነ የገቢ ወረቀታችሁ ቀድሞ መታየት አለበት። ይህን ሁሉ ምዝገባው በሚከፈትበት ጠዋት ልሙላ ያለ ሰው ገጹ ላይ ሲንከባለል ቦታው ያልቃል። የሞላበትም ተስፋ አይቁረጥ፤ ዌይቲንግ ሊስቱ ላይ ተመዝገቡ። ብዙ ሰው በየቦታው አስመዝግቦ ክፍያው የሚጠናቀቅበት ቀን ሲደርስ ስለሚሰርዝ ኤፕሪልና ሜይ ላይ ቦታ ይከፈታል።

ሰዓቱን ልብ በሉ። አብዛኛው ካምፕ በፈረንጅ ሰዓት ከ9 እስከ 4 ነው። ከሥራ 4 ሰዓት ላይ የሚወጣ ሰው እስኪ አሳዩኝ። ቀደም ብሎ ለማድረስና አምሽቶ ለመውሰድ ለብቻው ይከፈላል፤ ያንን ሳትደምሩ ዋጋ አታወዳድሩ። «በጣም ርካሽ ነው» የተባለው ካምፕ የማምሻ አገልግሎት ከሌለው ከሥራ የምትቀሩበት ቀን ሲታሰብ ርካሽ አይደለም። ዘግይቶ መድረስ ደግሞ በደቂቃ የሚያስከፍልበት ቦታ አለ። ቤልትዌዩ፣ ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ላይ አደጋ ነበር ብትሉ ማንም አይሰማችሁም።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር። ታክስ ስትሠሩ ለቀን ካምፕ የከፈላችሁት ከታክሳችሁ ላይ ለሚቀነሰው ይቆጠራል። ፎርም 2441 ነው። ልጁ ከ13 ዓመት በታች መሆን አለበት። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ደግሞ ሁለታችሁም የምትሠሩ፣ ሥራ የምትፈልጉ ወይም የሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆን አለባችሁ። ለአንድ ልጅ እስከ 3,000 ዶላር፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ እስከ 6,000 ዶላር ወጪ ነው የሚታሰበው። ያ ሙሉ ገንዘብ ይመለሳል ማለት አይደለም፤ ከዚያ ላይ እንደ ገቢያችሁ በፐርሰንት ነው የሚሰላው። የስፖርት ካምፕም ይሁን የኮምፒውተር፣ የቀን ካምፕ እስከሆነ ድረስ ይገባል። ልጁ የሚያድርበት ካምፕ ግን አይገባም። ካምፑን የታክስ ቁጥሩን ጠይቃችሁ ከደረሰኙ ጋር አስቀምጡ። ኤፕሪል ላይ ስትደውሉ ቢሮው ውስጥ ስልክ የሚያነሳ ላይኖር ይችላል።

ከዚያ ወረቀት። የጤና ታሪክ ፎርም፣ የክትባት ማስረጃ፣ የአለርጂ ፎርም፣ ልጁን የሚወስዱ ሰዎች ዝርዝር። ልጁ መድኃኒት ካለው፣ ለምሳሌ የአስም ፓምፕ ወይም ኤፒፔን የሚባለው የአለርጂ መርፌ፣ ሐኪሙ የፈረመበት ፎርም ያስፈልጋል። መድኃኒቱ የፋርማሲው ስቲከር ባለበት ካርቶኑ መሆን አለበት። ታይሌኖል ለሚባለው ማስታገሻ እንኳ ፎርም የሚጠይቅ ካምፕ ሞልቷል። የልጆች ሐኪም ቤት ጁን ላይ ቀጠሮ አይገኝም። ስለዚህ ልጁ ለዓመታዊ ምርመራ ሲሄድ፣ በየትኛውም ወር ይሁን፣ ፎርሙን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አስፈርሙ። የሚወስዱት ሰዎች ዝርዝር ላይ ደግሞ ከባልና ሚስት ውጪ ሁለት ሦስት ሰው ጨምሩ። ሲወስዱ መታወቂያ ይጠየቃል። ስሙ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ የልጁ የክርስትና አባት ነኝ ቢልም አይሰጡትም፤ ደግሞም ልክ ናቸው።

ቦርሳው ላይ ብዙ አልቆይም። ትልቅ የውሃ ኮዳ፣ ፎጣ፣ የዋና ልብስ፣ ቅያሪ ካልሲ፣ ሰንስክሪን፣ የነፍሳት መከላከያ። ጫማው ጣት የሚሸፍን ይሁን፤ ክሮክስ ለፑል ብቻ ነው። ሁሉም ዕቃ ላይ በማይለቅ እስክርቢቶ ስም ይጻፍ። ጁላይ መጨረሻ ላይ የጠፋ ዕቃ የሚደረደርበትን ጠረጴዛ አይቶ የማያውቅ ሰው የአንድ ካምፕ ልጆች ስንት ፎጣ እንደሚጥሉ አይገምትም። አዲስ ልብስ አትግዙ። የሚቀደድ፣ ቀለም የሚነካው፣ ሳር የሚያበላሸው ልብስ ነው የሚያስፈልገው። ሰንስክሪን ለኛ ልጆች አያስፈልግም የሚል ወሬ እሰማለሁ። ያስፈልጋል፤ ጥቁር ቆዳም በፀሐይ ይቃጠላል።

ሴት ልጅ ያላችሁ ስለ ፀጉር አስቡበት። ፑል በየቀኑ ካለ ክሎሪኑ ፀጉሯን ያደርቀዋል። እኔ ሹሩባ እሠራትና ዋና ኮፍያ አደርግላታለሁ። ማታ በንጹሕ ውሃ አለቅልቄ ቅባት እቀባታለሁ። ካውንስለሮቹ፣ ልጆቹን የሚጠብቁት ሠራተኞች፣ ፀጉር ሊፈቱና ሊያበጥሩ ጊዜም ልምድም የላቸውም፤ የተፈታ ፀጉር ይዛ ከሄደች እንደሆነው ሆኖ ነው የሚመለሰው።

ማታ ገላ ሲታጠቡ መዥገር ፈልጉ። እዚህ አገር ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ላይም የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፍ መዥገር አለች፤ ትንሿ የሰሊጥ ፍሬ አታክልም። ከጆሮ ጀርባ፣ ፀጉር ውስጥ፣ ብብት፣ ከጉልበት ኋላ፣ ወገብ ዙሪያ እዩ። ብታገኙ ሹል ጫፍ ባለው ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንቀሉ። ጋዝ አታፍስሱ፣ በክብሪት አታቃጥሉ። አብዛኛውን ጊዜ በሽታው የሚተላለፈው ከ24 ሰዓት በላይ ከተጣበቀች ነው፤ ስለዚህ የየማታው ፍተሻ ትልቅ ጥቅም አለው።

የምግቡ ነገር ለኛ ትንሽ ይወሳሰባል። ብዙ ካምፕ ኦቾሎኒ ይከለክላል። የፍልሰታ ጾም ደግሞ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፣ ካምፑ ገና ሳያልቅ። የጾመኛ ልጅ ምሳ እዚህ አገር ምንድን ነው? የኦቾሎኒ ቅቤ ሳንድዊች! እሱ ከተከለከለ እናት ጠዋት ጠዋት ጭንቅላቷን ትይዛለች። እኔ ከሱፍ አበባ ፍሬ የሚሠራውን ቅቤ ነው የማደርግላት፤ ጣዕሙ ይቀራረባል። ሌላ ቀን ሽሮ ፍትፍት ሙቀት በሚይዝ ዕቃ፣ ወይም ፓስታ በቲማቲም። የሽምብራና የገብስ ቆሎም ትወስዳለች፤ ኦቾሎኒ እንዳይቀላቀልበት ብቻ አያለሁ። በዚያ ሙቀት ሲሯሯጥ የሚውል ልጅ ምሳ ሰዓት ሳይበላ መቆየት የለበትም፤ ይህን የንስሐ አባታችንን ጠይቀን ነው የወሰንነው። ሙስሊም ጎረቤቴ ደግሞ ዓርብ የፒዛ ቀን ስለሆነ «ቺዝ ብቻ፣ ሥጋ የሌለበት» ብላ ፎርሙ ላይ ጽፋ፣ ለካውንስለሩም በአፏ ትነግረዋለች።

ከዚህ ጋር ልጁን ቀድማችሁ የምትነግሩት ነገር አለ። ካምፕ ውስጥ ምግብ ማካፈል ክልክል ነው። በአለርጂ ምክንያት። እኛ ደግሞ «ብቻህን አትብላ» እያልን ነው ያሳደግናቸው። ትልቁ ትንሽ ሳለ ቆሎውን ለጓደኛው ሲሰጥ ካውንስለሯ «አይቻልም» ስትለው የተሳደበችው መስሎት ቀኑን ሙሉ ሲያኮርፍ ዋለ። ምክንያቱን ካወቁ ግን ይቀበሉታል።

አንድ ሰመር እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ሲመለሱ በር ላይ ተቀበለቻቸው። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ትንሿ ግንባሯ ላይ አረንጓዴ ቀለም አለ። ትልቁ አንድ ካልሲ የለውም። እናቴ አየቻቸው፣ እኔን አየችኝ። «ገንዘብ ከፍላችሁ ነው እንዲህ አፈር ላይ የሚያንከባልሏቸው?» አለች። «አዎ እማዬ» አልኳት። «ይኼንንማ ኮልፌ በነፃ ታገኙት ነበር።»

ምን እላለሁ? እውነቷን ነው። እኔ ራሴ ኮልፌ ነው ያደግኩት፤ ትምህርት ሲዘጋ ሰፈር ውስጥ ነው የምንውለው፣ ማንም አይመዘግበን፣ ማንም አይከፍልልን። እዚህ ግን ልጅ ብቻውን መንገድ ላይ አይለቀቅም። የምንከፍለው ለዚያ ነው፤ በሰው ዓይን ሥር ሆነው ጭቃ እንዲነኩ። እናቴ በኋላ በኋላ ተስማማች፤ ያስማማቻት ደግሞ ትንሿ ናት። ካምፑ ውስጥ ከፕላስቲክ ክር የሚሠሩት የቁልፍ ማንጠልጠያ አለ፣ አራት ክር እየተቆላለፈ የሚሄድ። ልጅቱ ጀምራው ተበላሽቶባት ስትነጫነጭ እናቴ ተቀበለቻት። መነጽሯን አደረገች፣ ገልበጥ አድርጋ አየችው፣ ሁለት ዙር ፈታች። ስንደዶና አክርማ ይዛ መሶብ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። ጣቶቿ ወዲያው ገባቸው። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ሁለቱ ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው ክር ይቆላልፋሉ። ሳምንቱ ሳያልቅ የቀበሮዎች ግሩፕ ግማሹ የእናቴን ሥራ ቦርሳው ላይ አንጠልጥሏል። አንዷ ካውንስለር በመኪና ልወስዳቸው ስመጣ «አያትየዋ ክብ አድርጋ የምትሠራውን እንዴት ነው የምትጀምረው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አላውቀውም።

ስለ ዋና ሳላወራ አላልፍም። ብዙዎቻችን ውሃ እንፈራለን። ባለቤቴ ባሕር ዳር ያደገ ስለሆነ ጣናን ያውቃል፤ እኔ ግን የጊዮንን ፑል ከውጭ ነው የማውቀው። ካምፕ ውስጥ መጀመሪያ ቀን ልጆቹን በሙሉ ይፈትኗቸዋል። ከዚያ የእጅ ባንድ ይሰጣቸዋል። እኛ ጋ ቀይ ከሆነ ጥልቀት በሌለው በኩል ብቻ፣ ቢጫ ከሆነ እስከ መሀል፣ አረንጓዴ ከሆነ የትም። አረንጓዴ ለማግኘት ከፑሉ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ሳያቋርጡ መዋኘት፣ ከዚያ ጥልቁ ላይ እግር መሬት ሳይነካ መቆየት ያስፈልጋል። ትንሿ ቀይዋን ለብዙ ጊዜ ተሸክማታለች። ጓደኞቿ አረንጓዴ ሲያደርጉ እሷ ከጥንቸሎቹ ጋር ናት። ማታ ማታ እጇን ከጠረጴዛው ሥር ትደብቃለች።

«ፎርሙ ላይ ፑል እንዳትገባ ብለን እንጻፍ?» አልኩት ለባለቤቴ። እሱ አልተቀበለኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ የካውንቲው የቤት ውስጥ ፑል ይወስዳት ጀመር። የበረዶውን ወራት ሙሉ የካውንቲው የዋና ትምህርት አስገባናት። በተከታዩ ሰመር አንድ ማክሰኞ ልወስዳት ስደርስ ከሩቅ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ትሮጣለች። «ማሚ! ግሪን! ግሪን!» የመኪናው ወረፋ ሁሉ ዞሮ አየን። ያንን ባንድ እስኪበጠስ ድረስ አላወለቀችውም፤ ገላዋን የምትታጠበው እሱን አድርጋ ነው። ልጃችሁ ዋና ካልቻለ ከካምፕ አታስቀሩት። ግን ዋናን ለካምፑ ብቻ አትተዉለት። እዚያ ጨዋታ ነው እንጂ ትምህርቱ ትንሽ ነው።

ስለ ደህንነት ስትጠይቁ አትፈሩ። «ለአንድ ካውንስለር ስንት ልጅ ነው?» በሉ። የአሜሪካ ካምፕ ማኅበር ለቀን ካምፕ ያስቀመጠው ልክ ከ6 እስከ 8 ዓመት ለሆኑ ልጆች አንድ ሠራተኛ ለስምንት፣ ከ9 እስከ 14 ለሆኑት አንድ ለአሥር ነው። የሠራተኞቹ የወንጀል ታሪክ ተጣርቶ እንደሆነ ጠይቁ። መጸዳጃ ቤት እንዴት እንደሚሄዱ፣ ልብስ የሚቀይሩት የት እንደሆነ፣ አንድ ሠራተኛ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን መሆን ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ጥሩ ካምፕ ይህን ሲጠየቅ አይቆጣም፤ መልሱ ምላሱ ላይ ነው። አንድ ስሙን የማልጠቅሰው ካምፕ ስልክ ላይ «ማንም ጠይቆን አያውቅም» ብሎ ሲመልስልኝ ስልኩን አመስግኜ ዘጋሁ። ለልጆቹም በቤት ቋንቋ ንገሯቸው። ማንም ሰው «ለእናትህ አትንገር» ካለህ፣ ያን ጊዜ ነው የምትነግረኝ በሉ።

ካምፕ ውሎ የመጣ ልጅ «እንዴት ዋላችሁ?» ሲባል መልሱ «ጥሩ» ነው። «ምን ሠራችሁ?» ሲባል «ምንም»። እኔ የደረስኩበት ዘዴ ጥያቄውን ማጥበብ ነው። «ዛሬ ማን አሳቀሽ?» «ምሳ ስትበሉ ከጎንሽ ማን ነበር?» «ዛሬ ማን አለቀሰ?» ይቺ የመጨረሻዋ አትሳሳትም፤ ልጆች የሌላውን ልቅሶ መተረክ ይወዳሉ። ከዚያ ወሬው ራሱ ይመጣል። መዝሙሩም ይመጣል። ቡሄ ላይ እንደሚጨፍሩ ልጆች አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ማብቂያ የለውም። መኪና ውስጥ ጆሮ ይበሳል። ቻሉት።

የአየሩን ነገር በአጭሩ። ሙቀቱ ሲበረታ፣ አየሩ በብክለት ኮድ ኦሬንጅ ወይም ኮድ ሬድ ሲባል፣ ካምፑ ምን እንደሚያደርግ ቀድማችሁ እወቁ። በ2023 ጁን መጨረሻ ላይ የካናዳ የሰደድ እሳት ጭስ እዚህ ድረስ መጥቶ ሰማዩ ሲጨልም፣ የቤት ውስጥ ቦታ የሌላቸው ካምፖች ወላጅ መጥራት ነበረባቸው። አስም ላለበት ልጅ ይህ ቀልድ አይደለም።

አሁን ልጅ ሲጎለምስ ስለሚመጣው። 13፣ 14 ዓመት ላይ ልጁ ለካምፕ ይተልቃል፣ ለሥራ ደግሞ ያንሳል። ቤት ከዋለ ስልክ ነው። ለዚህ ዕድሜ ብዙ ካምፕ ሲአይቲ የሚለው አለው፤ ካውንስለር ለመሆን የሚሠለጥኑ ልጆች ናቸው። ደመወዝ የለውም። አንዳንዱ ካምፕ እንዲያውም ሠልጣኙን ራሱን ያስከፍላል፤ ጠይቁ። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ሌላ ጥቅም አለው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ሃይስኩል ለመጨረስ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ይጠየቃል። ልጆቹ ኤስኤስኤል ይሉታል። ሞንጎመሪ ውስጥ አምስተኛ ክፍል ካለቀበት ሰመር ጀምሮ ይቆጠራል። ካምፑ ለዚህ የተፈቀደለት ከሆነና ልጁ በነፃ የሚያገለግል ከሆነ ሰዓቱ በአንድ ሰመር ሊያልቅ ይችላል። የትልቁ እንደዚያ ነው ያለቀው። ሌሎች አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ሲሯሯጡ እሱ እግሩን ዘርግቷል።

ሲአይቲ በሆነበት ሰመር ጥንቸሎቹን ሰጡት። የስድስት ዓመት ልጆች። ስልክ መያዝ ክልክል ነው። ማታ ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ ወለሉ ላይ ተዘረረ። «ማሚ፣ እኔም እንዲህ አስቸጋሪ ነበርኩ?» አለኝ። «ትብስ ነበር» አልኩት። ዝም ብሎ ጣሪያውን ሲያይ ቆየ።

በሁለተኛው ሳምንት አዲስ ልጅ መጣ። ከአዲስ አበባ ከገባ ገና ወር ያልሞላው። እንግሊዝኛ አይችልም። አጥሩ ሥር ተቀምጦ አይጫወት፣ አይበላ፣ ውሃ አይጠጣ፣ በዚያ ሙቀት። ዳይሬክተሯ የኔን ልጅ ጠራችው። «አማርኛ ትችላለህ አይደል?» የሱ አማርኛ እኔ ከእህቱ ጋር ሳወራ የለቀመው ነው። ሄዶ አጠገቡ በርከክ አለና «ነይ፣ ውሃ ጠጪ» አለው። ሕፃኑ ቀና ብሎ አየውና «እኔ ወንድ ነኝ!» ብሎ ጮኸበት። ካምፑ የዚያን ልጅ ድምፅ የሰማው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ከሥሩ አልጠፋም። የኔው ደግሞ ማታ ማታ ማስታወሻ ይዞ ይጠይቀኝ ጀመር። የጫማህን ክር እሰር እንዴት ነው የሚባለው? ተራህ አይደለም እንዴት ነው የሚባለው? ቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤት ለዓመታት ስንጎትተው የነበረ ልጅ ነው።

ዘንድሮ ለደመወዝ አመለከተ። እንደማንኛውም ሥራ ኢንተርቪው አለው። ሸሚዝ ለብሶ ሄደ። ዳይሬክተሯ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ የምታውቀው ሴት ናት፣ ግን እንደማታውቀው ሆና «ይህን ካምፕ ምን ያህል ታውቀዋለህ?» ብላ ጠየቀችው። የቱ ቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳለው፣ ተርብ በየዓመቱ የትኛው ጠርዝ ሥር ቤት እንደሚሠራ፣ ዝናብ ሲመጣ ጥንቸሎች መጀመሪያ የት እንደሚደበቁ፣ ቀይ ባንድ ያለው ልጅ ለምን «ሆዴን አሞኛል» እንደሚል ነገራት። ተቀጠረ።

ለሥራው ከ18 ዓመት በታች ስለሆነ የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሜሪላንድ ውስጥ በኦንላይን ነው የሚወጣው፤ ልጁ፣ ወላጁና ቀጣሪው ይፈርሙበታል። ዲሲ የምትኖሩ ደግሞ በማሪዮን ባሪ ስም የሚጠራው የወጣቶች የሰመር ሥራ ፕሮግራም አላችሁ። ከ1979 ጀምሮ ያለ ነው፤ ከ14 እስከ 24 ዓመት የሆኑትን ይቀበላል፣ ማመልከቻውም እንደ ካምፑ ምዝገባ ቀደም ብሎ ነው የሚከፈተው። ባንክ ሄደን አካውንቱን በሁለታችን ስም ከፈትን። የመጀመሪያው ደመወዝ ሲገባ ወረቀቱን እያየ «ፋይካ ምንድን ነው? ለምንድን ነው የወሰዱብኝ?» ብሎ ከደመወዙ ስለተቆረጠው የጡረታና የጤና መድን መዋጮ አባቱን ጠየቀ። አባቱ በደስታ አስረዳው፤ በጣም ረጅም ጊዜ ወሰደበት።